በቢሊሴ ቤት ባዶ እጅ አይታለፍም

የቢሊሴን ማድቤት ከማወቄ በፊት ሥርዓት የሚባል ነገር ለቢሮ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። እኔ አምቦ ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፋይል ስደረድር እውልና ማታ ቤቴ ስገባ ጨው የት እንዳለ ለማግኘት የቤቱን ሰው ሁሉ አስነሣለሁ። ባለቤቴ ወልደሰንበት የጉደር መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው። እሱ ደግሞ ጨው ፈልግ ከሚባል ጎማ ቀይር ቢባል ይሻለዋል።

የምንኖረው ኦቦ ጃርሶ ግቢ ነው። ሁለት የኪራይ ቤትና ከጓሮ በኩል አንድ ማድቤት አለ። አንድ ማድቤት ለሁለት ሴት ምን ማለት እንደሆነ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ከቢሊሴ በፊት ከነበረችው ተከራይ ጋር በአንድ መክተፊያ ምክንያት ተኳርፈን ነው የተለያየነው። ስለዚህ አዲስ ተከራይ ልትገባ ነው ሲሉኝ ለጠብ ወገቤን አስሬ ነበር የጠበቅኋት። እሷ ግን ዕቃዋ ገና ከጋሪ ሳይወርድ መጣችና፣ «እትዬ እንግዳወርቅ፣ የእናንተ መደርደሪያ የትኛው ነው? እኔ በተረፈው እገባለሁ» አለችኝ። ለጠብ የተዘጋጀ ሰው እንዲህ ሲሉት ደስ አይለውም። ያን ቀን ያለ ምክንያት አኩርፌ ዋልኩ።

ቢሊሴ ጉደር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ባሏ ለሊሳ እጃጂ ያስተምራል፤ ቤቱ የሚመጣው ዓርብ ማታ ነው። በዚህ ላይ ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ትማራለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ሶረቲ፣ ትንሹ ሲሞን ይባላሉ። ሌሊት ተረኛ የምትሆንበት ቀን አለ፤ ምጥ የያዛት ሴት መጥታባት ከሰዓቷ አልፋ የምትቆይበት ቀንም አለ። የቤት ሠራተኛ የላትም። ይህን ሁሉ ስሰማ፣ «የዚህች ልጅ ቤት ወር ሳይሞላው ይበተናል» ብዬ ለወልደሰንበት ነገርኩት። እሱም፣ «እስቲ አንቺ መጀመሪያ ጨዉን አግኚ» አለኝ።

ቤቱ አልተበተነም። እኔ ከቢሮ ገብቼ ሽንኩርት ልልጥ ስቀመጥ የቢሊሴ ልጆች በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው አገኛቸዋለሁ። እሷ ራሷ ከእኔ በኋላ ነው ከጉደር የምትገባው። መጀመሪያ ሆቴል የምታስመጣ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማድቤት ገብቼ ሚስጥሩን በዓይኔ አየሁ።

ሚስጥሩ ቁሌት ነው። ቢሊሴ ቅዳሜ በጠዋት ትልቁን ድስት ከሰል ላይ ትጥዳለች። ሽንኩርቱን ለሊሳ ይልጣል፤ እንባው እየወረደ፣ ጎረቤት እንዳያየው በሩን ገርበብ አድርጎ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ዘይት ሳይነካው በቀስታ ይቁላላል፤ ቀጥሎ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይገባል። ጥሬ ጣዕሙ እስኪጠፋ ድረስ እየተማሰለ ይበስልና ክዳን ባላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ተከፍሎ ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይገባል። ከዚያ ወዲያ በሥራ ቀን ወጥ መሥራት ማለት ከአንዱ ዕቃ ገልብጦ፣ ውሃ ጨምሮ ሲፈላ ምስሩን ወይም ሽሮውን መጨመር ነው፤ ይህን ሶረቲም ትሠራዋለች። ክክ ካማራት ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ትዘፈዝፈዋለች፤ ማታ ቶሎ ይበስላል። አዲስ ነገር የለውም፤ ሁላችንም ቁሌት እናውቃለን። ግን የሳምንቱን አንዴ ሠርቶ መገላገል ለምን ለእኔ አልታየኝም ብዬ በራሴ ተናደድኩ።

ብዙም ሳይቆይ፣ «እትዬ፣ ለሁለታችንም ቤት አንድ ላይ ብንጥድስ? ከሰሉም ድካሙም ይቀንሳል» አለችኝ።

«እኛ እኮ ጾመኞች ነን» አልኳት። እነሱ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብም ሁዳዴም አይጾሙም።

«አውቃለሁ። ስለዚህ ድስቱ ዓመቱን ሙሉ የጾም ይሆናል። እኛ ቅቤ የምንጨምረው ከተከፋፈልን በኋላ፣ በራሳችን ዕቃ ነው።»

እንደተባለውም ሆነ። አረንጓዴ ክዳን የጾም፣ ቀይ ክዳን ቅቤ የገባበት ተባለ። ጭልፋውም ተለየ። ሲሞን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ክዳን ለይቷል። «ቀዩ የእኛ፣ አረንጓዴው የሁላችን» ይል ነበር፤ እንዲህ ሲል በሰማሁት ቁጥር ጉንጩን ሳልስመው አላልፍም።

ሌላውን ብልሃቷን ልቁጠር ብል ይመሽብኛል፤ ግን ጥቂቱን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። የልጆቹ ሳህን፣ ኩባያና ዳቦ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እጃቸው ስለሚደርስ ማንንም አይጠሩም። ቢላዋና ዘይት ላይኛው ላይ ነው። ለየልጁ አንዳንድ ቅርጫት አለ፤ ማታ ዩኒፎርሙ፣ ካልሲው፣ ደብተሩ እዚያ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ስለዚህ ጠዋት እኛ ቤት ልጆቼ «አንዱ ካልሲ የት ሄደ» እያሉ ሲተራመሱ እዚያ ቤት ሻይ ይጠጣሉ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም የሚነካ አንድ መደርደሪያ አላት። ሱፍ፣ ተልባ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ እዚያ አሉ፤ በደህና ቀን ማንም አይነካቸውም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የደጃፉ ሕግ ነው። ማድቤቱ ከቤቱ ተለይቶ ጓሮ ስለሆነ በቀን ስንቴ እንደምንመላለስ መቁጠር ያቅታል። በቢሊሴ ቤት ደጃፉን ባዶ እጁን የሚያልፍ የለም። ከቤት ወደ ማድቤት የሚሄድ የተበላበት ሳህን ይይዛል፤ ከማድቤት ወደ ቤት የሚመለስ ውሃ ወይም የታጠበ ኩባያ ይይዛል። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ነው የያዙት፤ ባዶ እጁን ሊያልፍ የሞከረ ሰው ካዩ ይጮኹበታል። አንድ ጊዜ ኦቦ ጃርሶ ኪራይ ሊጠይቁ መጥተው ሲወጡ ሲሞን የቆሻሻ ፌስታል አስይዟቸዋል። ሽማግሌው ይዘውት ወጡ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ከገባ በኋላ፣ የለሊሳ እናት አዴ ዘርትሁን ከእንጭኒ መጡ። በአንድ እጃቸው በቆርቆሮ ጣሳ የተነጠረ ቅቤ፣ በሌላው ትልቅ የጉዞ ቦርሳ ይዘዋል። ቦርሳውን ልቀበላቸው ብዬ ባነሣው ክብደት የለውም፤ ባዶ ነው።

«አዴ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ለልጆቹ ልብስ ነው» አሉኝ፣ ምንም ሳይሸፋፍኑ። «ይዣቸው ልሄድ ነው የመጣሁት። እናታቸው ቀን ሥራ፣ ሌሊት ሥራ፣ ሰንበት ትምህርት። ልጆቹ ራሳቸው ወጥ እያሞቁ ይበላሉ አሉኝ። እኔ እያለሁ?»

ክፉ ሴት አይደሉም። ብቻቸውን ናቸው፤ ትልቅ ቤት፣ ላምና ጓሮ አላቸው፤ የልጅ ድምፅ ናፍቋቸዋል። ቢሊሴ ግን ያን ቦርሳ ስታይ ፊቷ ላይ የነበረውን እኔ አይቼዋለሁ። ወይ ትምህርቷን ትታ ቤት ትውላለች፣ ወይ ልጆቿ እንጭኒ ይሄዳሉ። ለመመረቅ የቀራት ትንሽ ነው። ለሊሳ በስልክ ሲጠየቅ፣ «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ያለችው ይሻል እንደሆነ… ስመጣ እንነጋገራለን» አለ። ያን ሳምንት ደግሞ ፈተና እያረመ እጃጂ ቀረ። እናቱ ስትመጣ እሱ የሚያርመው ፈተና አያጣም።

አዴ ዘርትሁን ቤቱን በዓይናቸው መመርመር ጀመሩ። ክዳኖቹን እየከፈቱ አሸተቱ፤ ታችኛውን መደርደሪያ አይተው፣ «ይሄ የሕፃን ሱቅ ነው እንዴ?» አሉ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቁሌት አንዱም ቅቤ ቅቤ እንደማይል ሲያዩ አዘኑ። የቀደመው ሳምንት ቀይ ክዳን አልቆ ነበር፤ የቀረው አረንጓዴው ብቻ ነው። ቢሊሴ ሕጉን ልትነግራቸው አስባለች፤ ግን ሁለት ሌሊት ተከታትላ ተረኛ ነበረች፤ ከዚያ ደግሞ ቅዳሜ፣ እንደ ወትሮው ከሰዓት ሳይሆን ጠዋት፣ ፈተና ነበራት።

ያን ቅዳሜ ድስቱን በሌሊት ተነሥተን አብረን ጣድነው። ቢሊሴ ለፈተናዋ ወጣች። እኔም ሠፈር ውስጥ ለቅሶ ነበረብኝ፤ ፊቴን አሳይቼ ልመለስ ብዬ፣ «አዴ፣ እንዳያርርብን አደራ፣ ማሰል ማሰል ያድርጉት» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «ሂጂ፣ እኔ ድስት አላውቅም?» አሉኝ።

ስመለስ ገና የግቢውን በር ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ኮረሪማና ኮሰረት በደንብ የገባበት የእንጭኒ ቅቤ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ምራቄ ይመጣ ነበር። ማድቤት ስገባ አዴ ዘርትሁን ከድስቱ አጠገብ ጭልፋ ይዘው፣ ፊታቸው በርቶ ቆመዋል፤ ጣሳው ባዶ ነው። «አሁን ነው ምግብ የሆነው!» አሉኝ። «ምስኪኖች፣ ቅቤ አጥታችሁ እንዲህ በደረቁ ስትበሉ! ጋሪዳ፣ አሁን ጥሩ ነው። ለእናንተም ነው ያደረግሁት።»

እኔ ሰው ነኝ፤ ግንፍል ማለት ደግሞ ልማዴ ነው። «አዴ፣ ምን አደረጉን! ጾም ላይ እኮ ነን! የሳምንት ምግባችን ነው ያፈሰሱት!» ብዬ ጮኽኩ።

የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። «ዋዮ» አሉ፤ «ዋዮ፣ እናቴ ጾመኛ ነበረች። ይህን በእናቴ ድስት ባደርገው ምን ትለኝ ነበር?» ጭልፋውን አስቀመጡና ቤት ገቡ። በመስኮት ሳይ ቦርሳውን አልጋ ላይ አውጥተው የሲሞንን ሹራብ እያጠፉ ነው። «አንድ ድስት ለሁለት ቤት ሲጣድ አይቼ አላውቅም። ይሄ ቤት አይደለም፣ ልጆቹን ይዤ ነገውኑ እሄዳለሁ» ይላሉ። የተናገሩት ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። እኔም የእኔ ጩኸት ነገሩን ጨርሶ አበላሸው ብዬ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የእኔ ቤት መራቡ ምንም አይደል፣ አንድ ሳምንት ሽንኩርት እልጣለሁ። ቢሊሴ ግን በዚያ ድስት ላይ ነበር የቆመችው። አሁን አማቷ ልክ ነበሩ ማለት ነው።

ቢሊሴ ከፈተናዋ ስትመጣ እኩለ ቀን አልፏል። የሆነውን እዚያው በሩ ላይ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ማድቤት ገባችና ከድስቱ በማንኪያ ጨልፋ ቀመሰች። ከዚያ አማቷን ጠርታ አመጣቻቸው። ልታፋጥጣቸው መሰለኝ።

«ሃርሜ፣ እንዲህ ያለ ቅቤ ከቀመስኩ ዘመን የለኝም» አለቻቸው። «ሕጉን ሳልነግርዎት ድስት ላይ ትቼዎት ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እትዬ እንግዳወርቅም ደንግጣ ነው የጮኸችው፣ አይቀየሟት። ይህ ድስት በሙሉ የእኛ ይሁን፤ ሁለት ሳምንት ይበቃናል። አሁን ግን የእትዬ እንግዳወርቅ ልጆች ምሳ አልበሉም።» ይህን ብላ ከዚያ ከማይነካው መደርደሪያ የተፈጨውን ሱፍ አወረደችና እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። «እናትዎ ጾመኛ ነበሩ ማለትዎን ሰማሁ። ሱፍ ፍትፍት ከእሳቸው አልተማሩም?»

አዴ ዘርትሁን ሱፉን በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ። ሱፉን በውሃ በጥብጠው በንጹሕ ጨርቅ አጠለሉት፤ ቃሪያና ዝንጅብል አስከተፉኝ። አዎ፣ እኔን አስከተፉኝ፣ አልደቀቀም ብለውም አስደገሙኝ። ሶረቲ እንጀራውን ቆራረሰች። አልጾምም የሚሉት የቢሊሴ ልጆች እንኳ ቀዩን ክዳን ትተው ከእኛ ትሪ በሉ። እኔ ሱፍ ፍትፍት ብዙ በልቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀኑ የጣፈጠኝ ግን የለም። አዴ ዘርትሁን እየበላሁ ሲያዩኝ፣ «ይቅር በይኝ እንግዳወርቅ» አሉኝ። ተነሥቼ እጃቸውን ሳምኩ፤ ሌላ ምን ይደረጋል?

እኔ ብሆን ያን ቀን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ቢሊሴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ ስለ ቦርሳውም አንዲት ቃል አላነሣችም። በጤና ጣቢያው ስንቷን የደነገጠች ሴት በእጇ ይዛ እንዳረጋጋች ያኔ ነው የገባኝ። ሰዎች ቤትን በሥርዓት መያዝ ሲባል መደርደሪያና ክዳን ይመስላቸዋል። እሷ ዘንድ የማንም ፊት ሳይወድቅ ቀን መዋሉም ከዚያው ይቆጠራል። ይህችን ልጅ የማደንቃት ከልቤ ነው፤ ለራሷ ነግሬያት ስለማላውቅ እዚህ ልበለው።

አዴ ዘርትሁን በነጋታው አልሄዱም፤ ለሊሳ ይምጣና ይወሰናል አሉ። በዚያ ሳምንት ከአልጋቸው ላይ ሆነው የቤቱን ጠዋት ሲመለከቱ ሰነበቱ። ልጆቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ሲነሡ፣ ሶረቲ የሲሞንን ካልሲ ስታስተካክል፣ ቢሊሴ ከመውጣቷ በፊት ቁጭ ብላ አብራቸው ሻይ ስትጠጣ አዩ። አንድ ቀን ሲሞን ደጃፍ ላይ፣ «አኮ፣ አያቴ! ባዶ እጅ አይታለፍም!» ብሎ ሲጮኽባቸው የውሃ ጀሪካን ይዘው ተመለሱ። ማታ ማታ ቀዩን ክዳን ለይተው ከፍሪጅ የሚያወጡት እሳቸው ሆኑ። ቦርሳው ግን የአልጋው ራስጌ ላይ፣ የሲሞንን ሹራብ እንደያዘ ተቀምጧል፤ ቢሊሴም በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

ዓርብ ማታ ለሊሳ መጣ። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ግድግዳው ስስ ቢሆንም በዝግታ ነው ያወሩት። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮው ድስቱ ተጥዷል። ለሊሳ ሽንኩርቱን ልጦ እንባውን እየጠረገ ነው፤ ቢሊሴ ታማስላለች፤ እኔ ዕቃዎቹን እያደረቅሁ ነው። ቁሌቱ ደርሶ የመጀመሪያውን ዕቃ ሞልተን አረንጓዴውን ክዳን ገጥመንበታል። አዴ ዘርትሁን የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ማድቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሹራቡ ውስጡ ይኑር አይኑር ከውጭ አይታይም። ለመጠየቅ የደፈረው ለሊሳ ነው።

«ሃርሜ፣ ልጆቹስ?»

እሳቸው ሳይመልሱ ሲሞን ከቤት ሮጦ ወጣ። ቦርሳውን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገው።

«አኮ! ባዶውን እኮ ነው! ባዶ ይዞ መውጣት አይቻልም!» አለና ማድቤት ገብቶ ያንን አረንጓዴ ክዳን ያለውን ዕቃ፣ ገና ሞቅ እንዳለ፣ በሁለት እጁ አቅፎ አመጣ። ቦርሳውን ከፈተላቸውና ውስጡ አስቀመጠው። ሹራቡ ሲሞን ላይ ነበር፤ ጠዋት አያቱ ራሳቸው አልብሰውታል።

አዴ ዘርትሁን ወደ ቦርሳው ጎንበስ ብለው አዩ። «ለዚህ አልነበረም ያመጣሁት» አሉ። ከዚያ ዚፑን ዘጉትና ቢሊሴን ቀና ብለው አዩአት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ። ቅቤ እቤቴ ሞልቷል፤ የምጨምረው እዚያ ነው። ዕቃውን ለምርቃትሽ ይዤ እመጣለሁ።»

ልጆቹ በሁለት በኩል ይዘዋቸው እስከ መናኸሪያው ሊሸኙ ሄዱ፤ ለሊሳም ቦርሳውን ተቀብሎ ተከተላቸው። ቢሊሴ ጭልፋውን እንደያዘች፣ እንባዋ እየወረደ፣ የሄዱበትን በር እያየች ቀረች። የተረፈው ቁሌት ከሥሩ መያዝ ሲጀምር ሸትቶኝ ድስቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቢሊሴ ወጥ ስታሳርር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።